ያልተማርኩት ፈረንሳይኛ

ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ

ውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት አደረገሽ? ብርድ ሲሆን ይብስብሽ ነበርና እዚህ ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር አንቺ ነሽ ትዝ የምትይኝ። ዓይንሽስ? ክር በመርፌ ለማስገባት አሁንም የጎረቤት ልጅ ትጠሪያለሽ ወይስ እልህ ይዞሽ ራስሽ ትታገያለሽ? ታናሼ ሥራ አገኘ ወይ? ሚስቱ ወልዳ ከሆነ እንኳን በሰላም ተገላገለች በይልኝ። ሴት ከሆነች አንቺን ትምሰል፣ ወንድ ከሆነ ግን እባክሽ ታናሼን አይምሰል፤ አንድ እሱ ይበቃናል።

እኔ ከናፍቆትሽና ከፍርሃት በስተቀር ደህና ነኝ። ናፍቆቱን ባለፉት አምስት ደብዳቤዎች ጽፌልሻለሁ፤ መልስ ባይመጣም ደርሶሻል ብዬ አምናለሁ። ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ፍርሃቱ ነው። የምነግረው ሌላ ሰው የለኝም። አብረውኝ ያሉት ሰዎች ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ ግን ያጠፋሁት በእነሱ ላይ ስለሆነ ለእነሱ መናገር አልችልም። የማስታምማቸው መምህርት ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይተኛሉ። የልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ፤ ቸኩዬ ነውና ፊደሉ ቢያስቸግርሽ አትፍረጂብኝ።

የምሠራበትን ቤት ድሮ ጽፌልሽ ነበር። ደብዳቤው መንገድ ላይ ቀርቶ ከሆነ እንደገና ልንገርሽ። ቤቱ ባለ አንድ ፎቅ ነው። ከታች የመነጽር መሥሪያ ሱቅ አለ፤ የመምህርቷ ወንድ ልጅ ነው። ቀኑን ሙሉ መስታወት ሲሞርድ ድምፁ በወለሉ በኩል እግርሽን ይነዝርሻል። ከላይ እናቱና እህቱ ይኖራሉ። እናቱ ሠላሳ ዓመት በሴቶች ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ያስተማሩ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ መምህርት ነው የሚላቸው፣ እኔም እንደዚያው። ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሶ ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፤ አንደበታቸውም ተዘጋ። እኔ የተቀጠርኩት እሳቸውን ለማጠብ፣ ለማልበስ፣ ለማብላትና ጎናቸው እንዳይቆስል ለማገላበጥ ነው። ልጅየዋን እትዬ እላታለሁ፤ መሥሪያ ቤት ውላ ወደ ማታ ትመጣለች። ባለ መነጽሩን ጋሼ እለዋለሁ።

እኔ ስመጣ መምህርቷ መናገር ጀምረው ነበር፤ የሚሉት ግን ለማንም አይገባም። ይህችን ነገር ቀስ ብለሽ አንብቢያት፣ መዘዙ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው። ልጆቹ ትንንሽ ሳሉ አባትና እናታቸው ልጅ መስማት የሌለበትን ነገር ሁሉ በፈረንሳይኛ ነበር የሚነጋገሩት። ማን እንደታመመ፣ ማን ነገ እንደሚገረፍ፣ አዲሱ ጫማ የት እንደተደበቀ። ለልጆቻቸው አንዲት ቃል አላስተማሯቸውም፤ ቁልፉን ለሌባ አሳልፈን አንሰጥም እያሉ ይስቁ ነበር አሉ። እነዚያ ልጆች ዛሬ ጸጉራቸው ሸብቷል፤ እናታቸው የሚሉት ካልገባቸው ግን ዛሬም ፈረንሳይኛ ነው ማለት ነው። ሌላ ነገር ይሆናል ብሎ ያሰበ የለም። በየአሥራ አምስት ቀኑ የደም ግፊት ለመለካት የምትመጣው ነርስም አንዳንድ በሽተኛ ኋላ የተማረው ቋንቋ ብቻ ይቀርለታል ሲባል ሰምቻለሁ አለች፤ ነገሩ በዚሁ ጸና።

በመጣሁ በሦስተኛው ቀን መምህርቷ በደህናው እጃቸው አንሶላውን እየጎተቱ አንድ ነገር ደጋግመው ተናገሩ። ድምፁ በአፍንጫ ወጥቶ በጉሮሮ የሚመለስ ነው። እግራቸውን ብነካው በረዶ ሆኗል። ካልሲ አጠለቅኩላቸውና ዝም አሉ። እትዬ በሩ ላይ ቆማ ታየኝ ኖሯል። ፈረንሳይኛ ትችያለሽ እንዴ አለችኝ። የሰው እግር መቀዝቀዙን ለማወቅ ፈረንሳይኛ ምን ያደርጋል ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን ከእኔ በፊት የመጡት ሦስት ሠራተኞች ወር ሳይሞላቸው ተሰናብተዋል፤ ዓይኗ ደግሞ ተስፋ ሞልቶበት ሲያየኝ አንጀቴን በላችው። ትንሽ ትንሽ ይገባኛል አልኳት። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ የምትይው እኔ ላይ ደረሰ። ቁርበቱም ተነጠፈልኝ፤ በማግስቱ ከማድቤቱ ጎን ካለችው ጠባብ ክፍል አውጥተው መስኮት ያለው ክፍል ሰጡኝ።

መገመት እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። መጀመሪያ ሰዓቱን አያለሁ። ገና ሲነጋ የሚናገሩት ስለ ሽንት ነው፣ ከምሳ በፊት ስለ ውሃ፣ ፀሐይዋ ትራሱ ላይ ስትደርስ ስለ መጋረጃ። ከዚያ ዓይናቸውን እከተላለሁ፣ ከዚያ እጃቸውን። ቃሉን የምሰማው በመጨረሻ ነው። ደብተር ይዤ በአንዱ ወገን የሰማሁትን ድምፅ፣ በሌላው ወገን የገመትኩትን እጽፋለሁ። መደርደሪያቸው ላይ ያስተምሩባቸው የነበሩ መጻሕፍት አሉ። ሥዕሉን እያየሁ፣ ትምህርት ቤት ከተማርኩት እንግሊዝኛ ጋር የሚመሳሰለውን ቃል እየለቀምኩ፣ እዚህ ጋ ባቡር ጣቢያ ነው፣ እዚህ ጋ ሻንጣ ጠፍቷል፣ ሴትዮዋ ቸኩላለች እያልኩ ገጽ ሙሉ እወጣ ነበር። ጣፋጭ ነገር ነው እማዬ፤ በተዘጋ በር ቀዳዳ ሰው ቤት እንደ ማየት ነው። ግን ከመጽሐፉ ካገኘሁት ውስጥ አንዱንም ቃል ከመምህርቷ አፍ ሰምቼ አላውቅም። ሰኞ ውሃ የነበረው ድምፅ ደግሞ ረቡዕ ትራስ ይሆንብኛል። ጆሮዬ ያልተማረ ስለሆነ ነው፣ ወይም ፈረንሳይኛ እንዲህ ያለ ቋንቋ ነው ብዬ ተውኩት።

ዝናዬ ወደ ሱቁም ወረደ። ጋሼ አዲስ መሞረጃ ማሽን አስመጥቶ መመሪያው በፈረንሳይኛ ሆነበትና አስጠራኝ። አንዱ ገጽ ላይ እጅ ተሥሎ በቀይ ተሰርዟል። እጅህን አታስገባ ይላል አልኩት። ሌላው ገጽ ላይ ሶኬት ከግድግዳው ሲነቀል ተሥሏል። ከመክፈትህ በፊት ንቀል ይላል አልኩት። ጋሼ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። ሰው አንድ ጊዜ ካመነሽ ሥዕል ስታነቢለት እንኳ ሊቅ ትመስይዋለሽ። ያኔ እየሳቅሁ ነው ደረጃውን የወጣሁት።

ሳቁ የቆመው በዚህ ዓመት መጀመሪያ ላይ ነው። መምህርቷ ወደ መስኮቱ እየጠቆሙ ይጮሁ ጀመር። ብርሃኑ በዛብኝ ይላሉ አልኩ፤ ወፍራም መጋረጃ ተሰቀለ። አልተዉም። የመንገዱ ጫጫታ ነው አልኩ፤ መስኮቱ ተዘጋ። ምግብ ሲቀንሱ አልራበኝም ይላሉ አልኩ። ዘጠኝ ቀን እንዲህ አለፈ። በአሥረኛው ቀን ነርሷ መጥታ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን ስታወጣው ከሥሩ ድዳቸው ተልጦ መግል ይዟል። መስኮቱ ደፍ ላይ የምትቀመጠው፣ ማታ ማታ አፋቸውን ሳላይ ጥርሳቸውን አውልቄ የምዘፈዝፍባት ብርጭቆ ናት። ዘጠኝ ቀን ሙሉ የጠቆሙት ብርጭቆዋን ነበር።

ነርሷ፣ ያመኛል አላሉሽም ወይ አለችኝ። አላሉም አልኩ። ይህን ስል መምህርቷ ዓይኔን ዓይኔን ያዩኝ ነበር። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔ ግን እያደር ከበደ።

ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገርሽም ትይኝ ይሆናል። ከዚያ በፊት የተናገርኩት ሌላ ነገር ነበረኛ። እሱን ሳያፈርሱ ይህን መናገር አይቻልም።

ጋሼና እናቱ አሥራ አንድ ዓመት አልተነጋገሩም። አባትየው የሞቱ ጊዜ እሱ ሌላ ከተማ ሥራ ላይ ነበር። ተነገረው፣ እመጣለሁ አለ፣ የደረሰው ግን ቀብሩ ካለፈ በሦስተኛው ቀን ነው። መምህርቷ በሩ ላይ ቆመው አባትህን ፈልገህ ከሆነ ቤት ቀይሯል አሉት፤ ከዚያ ወዲህ አንዲት ቃል አልተነፈሱለትም። እሱ ከታች፣ እሳቸው ከላይ፣ በአንድ ጣራ ሥር። ደረጃው ላይ ሲገናኙ ሁለቱም ግድግዳውን ያያሉ። ከታመሙ በኋላ ደግሞ ጋሼ ሱቁን ሲዘጋ እስከ ክፍላቸው በር ይመጣና እንዴት ዋሉ ብሎ እኔን ጠይቆ ይመለሳል። እግሩ ደፉን አያልፍም። እትዬ ይህን ስትነግረኝ ሦስት ቀን ለእኔ ትንሽ ነገር መስሎ ታየኝ። ለምን እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ።

በመጣሁ በስድስተኛው ወር ይመስለኛል፣ አንድ ቀን ጋሼ እንደ ልማዱ በሩ ላይ ቆመ። መምህርቷ አዩትና መናገር ጀመሩ። እንደዚያ ረዥም ነገር ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፣ እጃቸው ብርድ ልብሱን ጨብጧል። ምን አሉ? አለኝ። የማውቀው ነገር አልነበረም። ሰዓቱም አልረዳኝም፣ እጃቸውም ወደ ምንም አልጠቆመም። ግን አፌ ሳላዘው ተከፈተ።

«ልጄ፣ እኔ አልተቀየምኩህም። መንገዱ ነው ያዘገየህ። ና አጠገቤ ቁጭ በል፣ ነው የሚሉት» አልኩት።

ጋሼ ደፉን ተሻግሮ ተንበረከከና ፊቱን አንሶላው ላይ ደፋው። ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። የመምህርቷ እጅ ራሱ ላይ ነበር። ይደባብሱት ይሁን ይግፉት ማን ያውቃል? እኔ ግን እየደባበሱህ ነው አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እራታቸውን የሚያበላቸው እሱ ነው። ልጆቹን ያመጣቸዋል፤ ጸጉራቸውን እንኳ ማበጠር ተምሯል። ያ የጨለመ ቤት የሰው ቤት ሆነ። እትዬ አንቺን ፈጣሪ ነው የላከልን እያለች ለጎረቤት ሁሉ ታወራለች።

አሁን የመጣብኝን ስሚ። ከነገ ወዲያ፣ ቅዳሜ፣ ከመምህርቷ ጋር እዚያው ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ያስተምሩ የነበሩ ባልደረባቸው ሊጠይቋቸው ይመጣሉ። ብዙ ዓመት ልጃቸው ዘንድ ውጭ አገር ኖረው ነው የተመለሱት። እትዬ ደስታዋን አልቻለችውም፤ አንቺ ያልገባሽን እሳቸው ይሞሉልሻል፣ ደብተርሽንም አሳዪአቸው አለችኝ። ጋሼ ደግሞ ትናንት ደረጃው ሥር አስቆመኝና ከእንግዳዋ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። ያን ቀን እናቱ ያሉትን ቃል ዳግም እንዲያናግሩለት ነው። በራሱ በፈረንሳይኛው መስማት እፈልጋለሁ፣ ባይገባኝም አለኝ።

ከዚያ ወዲህ እህል በአፌ አልዞረም። ሥራዬን ማጣት ያስፈራኛል፣ አልዋሽሽም። ከሁሉ የሚያርደኝ ግን ሌላ ነው። መምህርቷ ከዓመት በላይ ይህን ሰው ከፊቴ አርቁልኝ ሲሉ ኖረው ቢሆንስ? በየማታው ከማይፈልጉት ሰው እጅ ሲጎርሱ ኖረው ቢሆንስ? አካላቸው ታስሯል፤ የቀራቸው አንደበት ብቻ ነበር፣ እሱንም እኔ ቀምቻቸው ይሆናል። ቅዳሜ ያ ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይወጣል። ጋሼ ያኔ ምን ይሆናል? ሁለት ጊዜ ሻንጣዬን ዘግቼ ሁለት ጊዜ ፈታሁት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ትይ ነበር።

መምህርቷ ነቅተዋል። እየጠሩኝ ነው፤ ወይም እየጠሩኝ ይመስለኛል።

እሑድ፣ ጠዋት

እማዬ፣ ደብዳቤውን ሳልልከው ቀረሁ። የሆነውን ሁሉ ጨምሬ ልጻፍልሽ።

እንግዳዋ ቀጠን ያሉ፣ ከዘራ የያዙ፣ ሲቀመጡም ወገባቸው የማይጎብጥ ሴት ናቸው። ጋሼ ሱቁን ዘግቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጢሙን ተላጭቶ ቆሟል። እትዬ ወንበር ደርድራለች። እኔ የበሩ ጥግ ላይ ግድግዳውን ተደግፌአለሁ። እንግዳዋ የመምህርቷን እጅ ይዘው አናገሯቸው። ያኔ ነው ፈረንሳይኛ በጆሮዬ ምን እንደሚመስል የሰማሁት። ጓደኛ የሚለውን ቃል፣ ቤት የሚለውን ቃል፣ ከመጽሐፉ የለቀምኳቸውን፣ ሲያልፉ አወቅኋቸው። ደነገጥኩ። በሁለት ዓመት ከመምህርቷ ያላገኘሁትን ከእንግዳዋ በሁለት ደቂቃ አገኘሁ።

መምህርቷ ፊታቸው በርቶ ረዥም ነገር መለሱ። እንግዳዋ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። እንደገና ጠየቁ፣ መምህርቷም እንደገና መለሱ። የእንግዳዋ ራስ መነቅነቁን ቀስ በቀስ ተወ። ጋሼ ምን ይላሉ ሲል እንግዳዋ ፈገግ ብለው የድሮ ጨዋታ ነው፣ እስቲ ለአፍታ ተዉን፣ ይቺ ልጅ ብቻ ትቅር አሉ። ወንድምና እህት ወጡ። በሩ ሲዘጋ ወደ መሬት ብገባ ደስ ባለኝ።

«ፈረንሳይኛ የት ተማርሽ ልጄ?» አሉኝ።

የትም አልኳቸው። ዓይኔን በጨው አጥቤ ሌላ ነገር እጨምር ነበር፤ ግን አልሆነልኝም። ገምቼ ነው የኖርኩት፣ የተሳሳትኩትን ሁሉ ይንገሩኝ አልኳቸው። ቁጣቸውን እየጠበቅሁ መሬት መሬቱን አየሁ። እሳቸው ግን አልተቆጡም።

«ይሄ ፈረንሳይኛ አይደለም» አሉኝ።

እኔን የሚሉ መስሎኝ፣ የእኔን ሳይሆን የእሳቸውን ነው የምጠይቅዎት አልኩ።

«የእሷን ነው የምልሽ። ዜማው ፈረንሳይኛ ነው፤ ክፍል ውስጥ ስታስተምር ድምፅዋን ልክ እንዲህ ታነሳው፣ ልክ እንዲህ ትጥለው ነበር። ቃል ግን የለውም። አንድም ቃል አልሰማሁም። የማንም አገር ቋንቋ አይደለም።»

እማዬ፣ እስከዚያች ደቂቃ የፈራሁት ፍርሃት ሁሉ ጨዋታ ነበር። መምህርቷ ተቃራኒውን ብለው ቢሆን እንኳ የተባለ ነገር አለ፤ የሚስተካከል ነገር አለ። አሁን ግን የደብተሬ ግማሽ ወገን ባዶ ሆነ። እነዚያን ሁሉ ቀኖች ከሰው ጋር ስነጋገር የኖርኩ መስሎኝ ለካ አንድ አፍ ብቻ ነው ያለው። የእኔ። ወደ መምህርቷ ዞርኩ። እሳቸው ባልደረባቸውን እያዩ አንድ ነገር ይናገራሉ፣ በእርጋታ፣ ሁሉ ነገር ግልጽ እንደሆነለት ሰው።

እንግዳዋ፣ ለልጇ የነገርሽውን እህቱ አጫውታኛለች፣ ከየት አመጣሽው አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። እስከ ዛሬ በዚህ ቤት የተናገርኩት ሁሉ ግምት ነበር፤ ይሄኛው ግን ውሸት ነው።

ከዚያ እጄን ያዙኝ። አሮጊት ነኝ፣ ልክ ናት ብል ማንም መልሶ አይጠይቀኝም አሉኝ። «ግን ነገ ከእነሱ ጋር የምትኖሪው አንቺ ነሽ። ምን ልበልልሽ?» አሉ። ወዲያው በሩ ተንኳኳ። ጋሼ ነው። ራሱን ብቻ አስገብቶ ልጅ የፈተና ውጤት ወጣ ወይ ብሎ እንደሚጠይቅ፣ አሉት ወይ አለ። እንግዳዋን አየ። እንግዳዋ እኔን አዩ።

አዎ ማለት ቀላል ነበር። ግን አዎ ካልኩ ነገም፣ ከነገ ወዲያም፣ መምህርቷ እስኪያልፉ፣ ካለፉም በኋላ ቀብራቸው ላይ ጋሼ ምን ብለው ነበር ሲለኝ አንድ ነገር መፍጠር አለብኝ። የሰው እናት መሆን ፈራሁ።

«ጋሼ፣ ያን ቀን የነገርኩህ ቃል የእሳቸው አይደለም፣ የእኔ ነው» አልኩት። «እሳቸው ያሉትን አላውቅም። ማንም አያውቅም።»

ሁሉም ነው? አለኝ። ሁሉም አልኩት። ደረጃውን ወረደ። ወዲያው የመሞረጃው ድምፅ ተነሣ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ሠርቶ አያውቅም ነበር። እትዬ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ከዚያ ተቆጣች፣ እናቴን አሻንጉሊት አደረግሻት አለችኝ። እውነቷን ነው። ደብተሬን ወስዳ ክፍሏ ውስጥ ቆለፈችበት። እንግዳዋ ሲሄዱ በር ላይ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

የእራት ሰዓት ሲደርስ ጋሼ አይመጣም ብዬ ሾርባውን ይዤ ራሴ ተቀመጥኩ። ማንኪያውን ሳነሣ ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ ሰማሁ። በሩ ደፍ ላይ ቆመ፣ እንደ ድሮው። ሊያባርረኝ ነው የመጣው አልኩ በሆዴ። መምህርቷ አዩትና መናገር ጀመሩ፣ ያንኑ በአፍንጫ የሚወጣውን፣ ረዥሙን። ምን አሉ ብሎ አልጠየቀኝም፤ ወደ እኔም አላየም። ገብቶ ማንኪያውን ከእጄ ወሰደ።

«እሺ እማማ» አላቸው።

ተናገሩ። እሺ አለ። ጎረሱ፣ እንደገና ተናገሩ፣ እንደገና እሺ አለ። ሾርባው እስኪያልቅ እንዲሁ ነበር። እኔ የማደርገው ስላልነበረኝ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ፤ እዚያ ሆኜ ነው ያለቀስኩት።

እትዬ ልታሰናብተኝ ይሁን ልታስቀረኝ እስከ ወሩ መጨረሻ አስብበታለሁ ብላለች። እጠብቃለሁ። ፍርሃቴ ግን አልለቀቀኝም፤ ቦታ ብቻ ነው የቀየረው። ራሴን አወቅሁት እማዬ። ሰው ዝም ባለበት እኔ እሞላለሁ። የአንቺንም ዝምታ ስሞላው ነው የኖርኩት። ደህና ስሆን ነይ ልጄ ትይኛለሽ፤ ሲከፋኝ ደግሞ እዚህ ላይ የማልጽፈውን ትይኛለሽ። ሁለቱንም አምኛቸው ነበር። አሁን ሳስበው ሁለቱም በእኔ ድምፅ ናቸው።

ስለዚህ አንድ መስመርም ቢሆን ጻፊልኝ፣ በገዛ እጅሽ። ቁጣም ከሆነ ያንቺ ቁጣ ይሁን፤ እችለዋለሁ። ይቅርታም ከሆነ ቃሉን አንቺ ምረጪው። የምትጽፊው ቢጠፋሽ፣ ወይም ለእኔ ቃል ለማውጣት ልብሽ እንቢ ቢልሽ፣ ለቀብሩ ሳልመጣ የቀረሁለትን አባዬን በየት በኩል እንዳሳረፋችሁት ብቻ ጻፊልኝ። ከበሩ ወደ ቀኝ ነው ወደ ግራ፣ ከማን አጠገብ ነው፣ ስሙ ተጽፎበታል ወይ። ስመጣ ሰው ሳልጠይቅ ልሂድ። እሱ በግምት አይገኝም።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ዓይንሽን ያብራልሽ። የታናሼን ልጅ አቅፈሽ ለመሳም፣ እኔንም ቆመሽ ለመቀበል ዕድሜ ይስጥሽ። ጤና ሁኚልኝ።

ልጅሽ